ቁልፉ ጤነኛ፣ ጽሑፉ ጐደሎ



በጨፋ ሮቢት የሚሠራ አንድ ባለሙያ አዲስ አበባ ካለ ኮምፒዩተር ጋር በኤስ.ኤስ.ኤች. ተገናኝቶ የከተማውን ስም መዘገበ እንበል። በመጨረሻ በስሕተት የገባችውን አንዲት ፊደል በመሰረዣው ቁልፍ አጠፋ። በስክሪኑ ላይ ስሙ ተስተካክሏል፤ በማግሥቱ ሲፈለግ ግን ከመዝገቡ አይገኝም።

ጥፋቱ የቁልፉ አይደለም። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ በዩ.ቲ.ኤፍ. 8 አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ሲይዝ፣ ለእንግሊዝኛው 1 ባይት ይበቃዋል። ፕሮግራሙ የራሱ ማረሚያ ከሌለው፣ ሩቁ ኮምፒዩተርም ይህን ካልተነገረው፣ በአንድ ምት የሚሰረዘው 1 ባይት ብቻ ነው። ቀሪዎቹ 2 ባይቶች ከዓይን ተሰውረው ከስሙ ጋር ይመዘገባሉ።

መድኃኒቱ በሩቁ ኮምፒዩተር ላይ «ኤስ.ቲ.ቲ.ዋይ.» በተባለው ትእዛዝ «አይ.ዩ.ቲ.ኤፍ. 8» የተሰኘውን ምርጫ መክፈት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ኤስ.ኤስ.ኤች. ይህንኑ ምርጫ በራሱ የሚያሻግርበት ደንብ ወጥቷል፤ ሁለቱም ወገኖች ካላወቁት ግን አይሠራም። መሰረዣው ሳይሰርዝ እንግዳ ምልክት የሚያወጣ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ አንዱ ተርሚናል ለመሰረዝ ቁጥር 127ን፣ ሌላው ቁጥር 8ን ይልካልና፣ የሚላከውን በዚያው ትእዛዝ ማስታወቅ ይበቃል።

ስለዚህ የመረጃ ሥርዓት የሚዘረጋ መሐንዲስ ፍተሻውን በእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ አይፈጽም። «ጨፋ ሮቢት» ብሎ ይጻፍ፤ አንድ ፊደል ጨምሮ ይሰርዝ፤ የተመዘገበውንም ባይት ይቁጠር። ከነክፍተቱ 16 ከሆነ ሥራው ደኅና ነው፤ 18 ከሆነ ግን የሰውም የአገርም ስም ሳይታወቅ እየተበላሸ ነው።