ከአንጀት ወደ ደም የሚሻገረው ተሐዋሲ



በቤታችን በሽተኛ ወይም ነፍሰ ጡር ስትኖር፤ አባት ወይም እናት በእርጅና ሲደክሙ፤ የሁላችንም ሐሳብ ኀይል የሚሰጥ ምግብ ማብላት ነው። ጉበት ደም ይተካል እየተባለ ለብለብ ብቻ ተደርጎ ይቀርባል፤ ወተትም እንደ ታለበ ሳይፈላ ይሰጣል። ይህ ሁሉ የሚደረገው በፍቅር ነው። ነገር ግን በፍቅር የቀረበው ምግብ በደካማው ሰው ላይ ከባድ አደጋ የሚያመጣበት ጊዜ ስላለ፤ በዛሬው ንግግሬ ምክንያቱን ላስረዳችሁ እወዳለሁ።

አደጋውን የሚያመጣው ካምፒሎባክተር የሚባለው ረቂቅ ተሐዋሲ ነው። ይህ ስም የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1963 ሲሆን፤ በግሪክ ቋንቋ ጎባጣ በትር ማለት ነው። ተሐዋሲው በዶሮ፤ በከብትና በበግ አንጀት ውስጥ ይኖራል። ወደ ሰው የሚደርሰው ባልፈላ ወተት፤ ባልበሰለ ሥጋና ንጹሕ ባልሆነ ውሃ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ተቅማጥን ከሚያመጡት ከአራቱ ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል። ጤናማ ሰው ሲይዘው ትኩሳት፤ የሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ ያመጣበታል፤ ብዙውን ጊዜ ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ ይድናል።

ታዲያ የሚያስፈራው ምንድን ነው? የሚያስፈራው ተሐዋሲው በአንጀት ሳይወሰን ወደ ደም ሲሻገር ነው። ይህ በጥቂት ሰዎች ላይ ብቻ የሚደርስ ነገር ነው፤ ካምፒሎባክተር ጄጁኒ በተባለው በተለመደው ዐይነት ከሚታመሙት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። የጨጓራ አሲድ፤ የአንጀት ግድግዳ፤ ጉበትና በደም ውስጥ ያሉት ተከላካዮች እንደ ዘበኛ ሆነው ይጠብቁናልና። ጉበቱ በበሽታ የጠጠረበት ሰው ግን ከዘበኞቹ አንዱን አጥቷል። በዕድሜ የገፋ፤ ካንሰር ወይም የስኳር በሽታ ያለበት፤ ኩላሊቱ የደከመ፤ ኤች አይ ቪ በደሙ ውስጥ ኖሮ ሕክምና ያልጀመረ ሰውም የመከላከል ኀይሉ ይቀንሳል።

ካምፒሎባክተር ፊተስ የተባለው ሌላው ዐይነት ደግሞ ብዙም ባይገኝም በደም ውስጥ ለመኖር የተዘጋጀ ነው። በላዩ የፕሮቲን ካባ ስለ ለበሰ የደም ተከላካዮች በቀላሉ አይዙትም። ከደምም ወደ ልብ በሮች፤ ወደ ደም ሥሮች ግድግዳ፤ ወደ መገጣጠሚያና ወደ አንጎል ሽፋን ሊደርስ ይችላል። ፊተስ ማለት ፅንስ ማለት ነው፤ ይህም ስም የተሰጠው በጎችንና ላሞችን ሲያስወርድ በመታወቁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 በፈረንሳይ ሀገር ትኩሳት በያዛቸው በሦስት ነፍሰ ጡሮች ደም ውስጥ ተገኘ፤ ከሦስቱም ሁለቱ ፅንሳቸውን አጡ።

ይህ ባዶ ስጋት እንዳይመስላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. ከ1979 እስከ 1981 በአሜሪካ፤ በካሊፎርኒያ ግዛት፤ በሳን ዲዬጎ ሆስፒታሎች 10 ሰዎች በዚሁ ተሐዋሲ ደማቸው ተመርዞ ተኝተው ነበር። አብዛኞቹ የካንሰር ሕሙማን ሲሆኑ፤ በሽታቸውን በምግብ እንፈውሳለን የሚሉ ሰዎች ጋ ሄደው ጥሬ የጥጃ ጉበት ወስደው ነበር። ለብርታት የወሰዱት ነገር ሌላ ሕመም ጨመረባቸው።

ይህ ሕመም አታላይ ነው። ተሐዋሲው በደም ውስጥ ሳለ ተቅማጥ ጨርሶ ላይታይ ይችላል፤ የሚታየው ትኩሳት፤ ብርድ ብርድ ማለትና ድካም ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቤተሰቡ ጉንፋን ነው ብሎ ያልፈዋል፤ ወይም ከመድኃኒት ቤት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ክኒን ይገዛል። ይህ በሁለት በኩል ይጎዳል። አንደኛ፤ ከካምፒሎባክተር ዐይነቶች ብዙዎቹ ሲፕሮፍሎክሳሲንን ተላምደውታል። ሁለተኛ፤ መድኃኒት ከተወሰደ በኋላ ተሐዋሲውን በደም ውስጥ ማግኘት ያስቸግራል። ተሐዋሲው የሚያድገው ኦክሲጅን ባነሰበት ስፍራ ቀስ ብሎ ስለ ሆነ፤ የደም ምርመራው ውጤት ብዙ ቀን ሊፈጅ ይችላል፤ ሐኪሙም አስቀድሞ ቢጠረጥር ይረዳዋል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ከአንተ የሚጠበቀው ከባድ አይደለም። ወተቱ ይፍላ። ጉበቱና ዶሮው እስከ ውስጡ ይብሰል። ጥሬ ሥጋ የተቆረጠበት ቢላዋና መክተፊያ ሳይታጠብ ሰላጣ አይቆረጥበት፤ እጅም በሳሙና ይታጠብ። ጥሬ ሥጋና ለብለብ ክትፎ የሚወድ ጤነኛ ሰው ስለ ራሱ ያስብበት፤ ለነፍሰ ጡር፤ ለሽማግሌና ለበሽተኛ ግን አያቅርብ። እንግዳ አክባሪነት የሚለካው በሥጋው ጥሬነት አይደለም።

ከነዚህ ሰዎች አንዱን ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት ቢይዘው፤ ተቅማጥ የለበትም ብላችሁ አትዘናጉ፤ በቶሎ ወደ ሐኪም ውሰዱት። ሐኪሙም ሳይጠይቃችሁ ሦስት ነገር ንገሩት፤ በሽተኛው ከዚህ በፊት ምን ሕመም እንዳለበት፤ ባለፉት ሳምንታት ጥሬ ሥጋ፤ ጉበት ወይም ያልፈላ ወተት ወስዶ እንደ ሆነ፤ ምን መድኃኒት እንደ ዋጠም። ይህን ለመናገር የሚፈጀው ጊዜ አንድ ደቂቃ አይሞላም፤ የሰው ሕይወት ግን ሊያተርፍ ይችላል።