መጻተኛውና የውኃው መስመር

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ስለ ክርስቲያናዊ ርኅራኄና ስለ ስደተኛ ፍትሕ እንድናገር ስታዙኝ፣ ይህ ርእስ ለካህን እንጂ ለውኃ መሐንዲስ አይገባም ብዬ ላመካኝ አስቤ ነበር። ሆኖም ጉዳዩን የተማርኩት በወልድያና በመርሳ መካከል፣ በሥራ ላይ ሳለሁ ስለሆነ፣ ያየሁትን ላቀርብ ተስማማሁ።

በሀብሩ ወረዳ፣ ጃራ በተባለው ስፍራ፣ ከወለጋ የተፈናቀሉ ወገኖች ተጠልለው እንደኖሩ ታውቃላችሁ። ከእነርሱ መካከል ብዙዎቹ በወሎ ምድር እንግዳ የሆኑ የወሎ ልጆች ነበሩ። በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ጊዜ መንግሥት 600,000 ያህል ሰዎችን ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ አገር ሲያሰፍር፣ ከሁሉ የሚበዛው ከወሎ የተነሣው ነበር፤ ወለጋም አንዱ መድረሻ ነበረች። አባት ተርቦ ወደ ለቀቀው አገር ልጅ ተሰዶ ተመለሰ።

ኦሪት ስለ መጻተኛ ሲያዝ ብዙ ጊዜ እስራኤልን በግብፅ ያሳለፉትን ኑሮ ያስታውሳቸዋል። የወልድያ ሰው ይህን ለመረዳት ሰባኪ አያሻውም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ከተማይቱ በጦርነቱ ስትያዝ፣ ልጁን አዝሎ ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ የሸሸ፣ የሰው ደጅ የጠና ብዙ ነው። ስለዚህ በአገሬው ዘንድ ርኅራኄ ጠፋ አልልም፤ የቸገረን ስፍሩ ነበር።

ስሙን መጥቀስ ወደማያስፈልገን አንድ የተፈናቃዮች ጣቢያ ውኃ ሳስገባ፣ ስሌቱን በታወቀው የአደጋ ጊዜ መለኪያ ሠራሁ፤ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር፣ ለ250 ሰው አንድ ቧንቧ፣ ከመጠለያው እስከ ቦኖው ከ500 ሜትር ያልበለጠ ርቀት። በወረቀት ላይ እንከን አልነበረውም። መስመሩ ግን አንዲት መንደር አቋርጦ ሲያልፍ፣ የመንደሪቱ ሴቶች እንደ ቀድሞው ከወንዝ ይቀዱ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ቱቦው ሌሊት ተቆርጦ አደረ።

የሰውን ልብ መደንደን እየረገምኩ ከስፍራው ደረስኩ። አንዲት አሮጊት እናት ከደጃቸው ሳይነሡ፣ «ልጄ፣ እነሱንስ አጠጣልን፤ ግን ውኃው በደጃችን ሲያልፍ እኛ ምንህ ነን?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ማን እንደ ቆረጠውም ከዚያ በኋላ አልጠየቅሁም።

«ተጠቃሚ ሕዝብ» በሚለው ዓምድ የመንደሪቱን ሰው ደመርኩ። ተጨማሪ ሮቶ እስኪተከልና የፓምፑ የሥራ ሰዓት እስኪራዘም ድረስ ግን የጣቢያው ድርሻ ወደ 12 ሊትር ወረደ። ይህን ለተፈናቃዮቹ ኮሚቴ ስገልጽ አንዱ አባል፣ «የረሳኸው አንተ፣ የጠማን እኛ» አለኝ። እውነቱን ነው።

ከዚያ ወዲህ የኦሪትን የቃርሚያ ሕግ በሌላ ዓይን አነባለሁ። ባለ እርሻው ሲያጭድ ዳርቻውን ለድኻና ለመጻተኛ እንዲተው ታዟል። ይህ ምጽዋት አይደለም፤ ባለቤቱ ሊከለክል ሥልጣን የለውምና። ሞዓባዊቱ ሩት ከቦዔዝ እርሻ የቃረመችው በዚህ ሕግ ነው። ሕጉ ግን ባለ እርሻውን ከእርሻው አላስወጣውም፤ መጻተኛውንና አገሬውን የሚያየው በአንድ ሥርዓት ነው። እኔ የረሳሁት ይህን ሁለተኛውን ወገን ነበር። እነዚያ እናት፣ በነገራችን ላይ፣ ሙስሊም ናቸው፤ የሕጉን ፍቺ ያስተማሩኝ ግን እሳቸው ናቸው።

የአገራችን ሕግም ከዚህ አይርቅም። በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1187 የጸደቀው የካምፓላ ስምምነት፣ ተፈናቃይን መጠበቅና መርዳት የመንግሥት ግዴታ መሆኑን ይደነግጋል፤ ከዚህም ጋር የተቀባዩ ማኅበረሰብ ችግር አብሮ እንዲጠና ያዛል። ከእኛ ከነዳፊዎቹ ስንቶቻችን አንብበነው ይሆን? እኔ ያነበብኩት ቱቦው ከተቆረጠ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ያ መስመር የተነደፈው «ለጊዜው ነው» ተብሎ ለስድስት ወር ነበር፤ ስለሆነም ቱቦውን ቀጭን መረጥን፣ በጥልቀትም አልቀበርነውም። አሁን ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል፤ በጣቢያው የተወለዱ ሕፃናት የእናታቸውን ቀሚስ ይዘው ወደ ቦኖው ይወርዳሉ። የሚተካውን መስመር ስሌት ይዤ መጥቻለሁ፤ ከጉባኤው በኋላ አብሮኝ የሚመረምረው ባልደረባ ቢገኝ ደስ ይለኛል።