የተቆራረጠ መረብ፦ የሙከራ ሶፍትዌር ገደብና የቅየሳ መረብ ማስተካከያ ስሌት



የዛሬውን ርእሰ ጉዳይ ያገኘሁት ከመመረቂያ ጽሑፎች ግምገማ ነው። ተማሪው በቶታል ስቴሽን አርባ ያህል የመቆጣጠሪያ ነጥቦችን ለክቶ ይመጣል። የማስተካከያ ስሌቱን የሚሠራበት ሶፍትዌር ግን የሙከራ ቅጂ ነው፤ ከተወሰነ የነጥብ ቁጥር በላይ አይቀበልም። የፈቃዱ ዋጋ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል በመሆኑ ከተማሪው አቅም፣ አንዳንዴም ከትምህርት ክፍሉ በጀት በላይ ነው። ስለዚህ ተማሪው መረቡን ይቆራርጠዋል። የመጀመሪያውን ቁራጭ ያስተካክላል፤ ያገኘውን ኮኦርዲኔት ለሁለተኛው ቁራጭ እንደ ቋሚ ነጥብ ያስገባል፤ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው ይዘልቃል። ሪፖርቱ ያማረ ይሆናል፤ መደበኛ ልይይቶቹም ትንንሽ ናቸው። ትንንሽ የሆኑት ግን ልኬቱ ጥሩ ስለሆነ አይደለም።

መቁረጥ በራሱ ነውር እንዳልሆነ አስቀድሜ ልናገር። ነውሩ ያለው በአቆራረጡ ላይ ነው።

ከመቁረጥ በፊት ግን መረቡን ማቅለል ይቻል እንደሆነ መመርመር ይገባል። ከአንድ ጣቢያ ብቻ በአንድ አንግልና በአንድ ርቀት የተለካ የአጥር ማዕዘን ወይም የመብራት ምሰሶ ለመረቡ የሚያበረክተው ነገር የለም። ሁለት ያልታወቁ ቁጥሮችን ይዞ ሁለት ልኬቶችን ብቻ ይሰጣል፤ ትርፍ ልኬት የለውም። ከስሌቱ ቢወጣ የሌሎቹ ነጥቦች ውጤት በአንዲት ሚሊሜትር እንኳ አይለወጥም፤ ጣቢያዎቹ ከተስተካከሉ በኋላ ለብቻው ይሰላል። በሌቭሊንግም እንደዚሁ ነው። በሁለት ቤንች ማርኮች መካከል ሜትሩ የቆመባቸው መሸጋገሪያ ነጥቦች እያንዳንዳቸው ወደ ስሌቱ መግባት የለባቸውም። የከፍታ ልዩነቶቹን ደምሮ፣ ቫሪያንሶቻቸውንም ደምሮ፣ እንደ አንድ ልኬት ማስገባት ይበቃል፤ የሚጠፋ መረጃ የለም። አብዛኛው የተማሪ መረብ በዚህ ብቻ ከገደቡ በታች ይወርዳል ብዬ አምናለሁ፤ መቀሱን ያነሣነው ቸኩለን ነው።

ይህ ካልበቃስ? እዚህ ላይ በቁጥር እንነጋገር። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ የሚባሉ አምስት ነጥቦች በአንድ የሌቭሊንግ መስመር ላይ አሉ እንበል። የሀ እና የሠ ከፍታ የታወቀ ነው። አራቱ ክፍሎች እኩል ርዝመት አላቸው፤ የእያንዳንዱ ልኬት መደበኛ ልይይት ለስሌቱ ቅለት ሲባል 10 ሚሊሜትር ይሁን። የተለኩት ልዩነቶች ሲደመሩ ከታወቀው ልዩነት በ40 ሚሊሜትር ይበልጣሉ። ሙሉው መረብ በአንድ ላይ ሲስተካከል እያንዳንዱ ክፍል 10 ሚሊሜትር ይቀነስለታል። ስለዚህ ለ በ10፣ ሐ በ20፣ መ በ30 ሚሊሜትር ዝቅ ይላሉ።

አሁን ሶፍትዌሩ ሦስት ነጥብ ብቻ ይቀበላል እንበል። ተማሪው ሀ፣ ለ፣ ሐን ያስገባል። በዚህ ቁራጭ ውስጥ አንድም ማመሳከሪያ የለም፤ ለ እና ሐ እንደተለኩ ይቀራሉ። ከዚያ ሐን ቋሚ አድርጎ ሐ፣ መ፣ ሠን ያስገባል። የ40 ሚሊሜትሩ ስህተት በሙሉ በሁለት ክፍሎች ጫንቃ ላይ ይወድቃል፤ እያንዳንዳቸው 20 ይሸከማሉ። ለ በ10፣ ሐ በ20፣ መ በ10 ሚሊሜትር ሙሉው ስሌት ከሚሰጠው ዋጋ ይርቃሉ። የባሰው ግን ሶፍትዌሩ ስለ መ የሚመሰክረው ነገር ነው። ሐ ፍጹም ትክክል ነው ተብሎ ስለተነገረው የመን መደበኛ ልይይት 7.1 ሚሊሜትር ብሎ ያትማል። በዚህ አሠራር የተገኘው መ እውነተኛ መደበኛ ልይይቱ 10 ሚሊሜትር ነው። ሙሉው ስሌት ቢሠራ ኖሮ 8.7 ይሆን ነበር። እንግዲህ ውጤቱ እየከፋ ሳለ ሪፖርቱ እየተሻለ ይሄዳል ማለት ነው።

መፍትሔው ሐን ከነጥርጣሬው ማሻገር ነው። ከመጀመሪያው ቁራጭ ሐ የሚወጣው 14.1 ሚሊሜትር መደበኛ ልይይት ይዞ ነው። በሁለተኛው ቁራጭ ሐ ቋሚ ሳይሆን፣ ይህን ልይይት የያዘ ልኬት ሆኖ ይግባ። ያኔ 40 ሚሊሜትሩ በቫሪያንሳቸው መጠን ይከፋፈላል፤ 20 ለሐ፣ አሥር አሥር ለቀሩት ሁለት ክፍሎች። ይህም ሙሉው ስሌት ከሰጠው ጋር አንድ ነው። ወደ ኋላ ስንመለስስ? ለን ለማግኘት ወደ መጀመሪያው ቁራጭ የሚላከው ሐ፣ በሠ በኩል ከመጡት ልኬቶች ብቻ የተሰላው ሐ መሆን አለበት። መጨረሻ ላይ የተገኘውን፣ 10 ሚሊሜትር ልይይት ያለውን ሐ ብንልክ፣ የመጀመሪያውን ቁራጭ ልኬቶች ሁለት ጊዜ መቁጠራችን ነው። የለ ልይይት 8.7 መሆን ሲገባው 8.2 ይመስላል። ልዩነቱ ትንሽ ነው ትሉ ይሆናል፤ አሥር ቁራጭ ባለው መረብ ላይ ግን ይደራረባል።

በአግድም መረብ ነገሩ ይከብዳል። ቁራጮቹን የሚያገናኙት ነጥቦች ብዙ ናቸው፤ ስህተታቸውም እርስ በርሱ የተሳሰረ ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱን ነጥብ ልይይት ብቻ ሳይሆን ሙሉውን የኮቫሪያንስ ማትሪክስ ማሻገር ያስፈልጋል። ሶፍትዌሩ ይህን የማይቀበል ከሆነ በዚያ ሶፍትዌር መረብ አይቆረጥም፤ አጭሩ መልስ ይህ ነው። ደግሞም ቋሚ ነጥብ የሌለበት ቁራጭ ብቻውን አይፈታም።

ይህን ችግር ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ሮበርት ሄልመርት እ.ኤ.አ. በ1880 አስቀድሞ ፈትቶታል። የእርሱ ዘዴ ኮኦርዲኔት አያሻግርም። ከእያንዳንዱ ቁራጭ የውስጥ ነጥቦቹን ከኖርማል እኩልታዎቹ አስወግዶ፣ ስለ መገናኛ ነጥቦቹ የቀረውን እኩልታ ያሻግራል፤ በመጨረሻም እኩልታዎቹ ተደምረው ይፈታሉ። እ.ኤ.አ. በ1986 የተጠናቀቀው የሰሜን አሜሪካ ዳተም ስሌት፣ ከ266,000 በላይ ጣቢያዎችን ይዞ የተፈታው በዚሁ ዘዴ ነው። ምክንያቱም ከእኛ ብዙ የራቀ አልነበረም፦ መረቡ በጊዜው ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ የሚፈታ አልነበረም።

ስለ ሌላው መንገድም ዝም ብዬ አላልፍም። የተሰበረ ቅጂ መጫን፣ የኮምፒውተሩን ቀን ወደ ኋላ መመለስ፣ የሙከራ ጊዜውን ደጋግሞ ማደስ በየቤተ ሙከራው የሚታወቁ ናቸው። ከፈቃድ ውሉ ጥሰት ባሻገር ሙያዊ ችግር አለባቸው። የተሰበረው ቅጂ ውስጥ ምን እንደተነካ የሚያውቅ የለም። የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 818/2006 ሕጋዊ መሠረት ካገኘ ወዲህ፣ ከመቆጣጠሪያ ነጥብ የተነሣ ኮኦርዲኔት የሰው አጥር ነው። ሁለት ጎረቤቶች ፍርድ ቤት ቢቆሙና ቀያሹ ቁጥሩን በምን እንዳሰላው ቢጠየቅ፣ የሚሰጠው መልስ ጮክ ተብሎ የሚነገር መሆን አለበት።

ደግሞስ ምን አስገደደን? በፕራግ የቼክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የተወለደው ጂኤንዩ ጋማ በነጻ የሚገኝ ነው፤ የነጥብ ገደብ የለውም፤ ልኬቶችን ከነኮቫሪያንስ ማትሪክሳቸው ይቀበላል። የአውስትራሊያ መንግሥት የጂኦሳይንስ ተቋም ለሕዝብ የለቀቀው ዳይንአድጀስት ደግሞ ትልልቅ መረቦችን በራሱ እየከፈለ፣ ውጤቱን ከነሙሉ ኮቫሪያንሱ ያገናኛል። እርግጥ ነው፣ ጋማ መስኮትና አዝራር ለለመደ እጅ ሻካራ ነው፤ የግብዓት ፋይሉን በጽሑፍ ማዘጋጀት ይጠይቃል። እኔ ግን ይህን ሻካራነት ለተማሪ እመርጥለታለሁ። የእያንዳንዱን ልኬት መደበኛ ልይይት በገዛ እጁ የጻፈ ሰው፣ ቁጥሩን ከየት እንዳመጣው ራሱን መጠየቁ አይቀርም።

ከዚህ ሴሚስተር ጀምሮ የማማክራቸው ተማሪዎች ከውጤታቸው ጋር የግብዓት ፋይላቸውንም እንዲያስረክቡ እጠይቃለሁ። መረቡ ተቆርጦ ከሆነም የት እንደተቆረጠና በመገናኛው ላይ ምን እንደተሻገረ በአንድ ገጽ ይገለጽ። የአምስቱን ነጥቦች ምሳሌ ዛሬ ማታ በወረቀት ሥሩት፤ ካልኩሌተር እንኳ ብዙ አያስፈልገውም። አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።