ጭነት ሲበዛበት የሚጠፋ ኮምፒውተር፦ ስለ ብልሽት ምርመራ ሥርዓት



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ኮምፒውተርና ስለ አንድ የራሴ ስህተት ነው።

በአንድ የቡና ለቀማ ወቅት፣ እዚሁ ዲላ፣ አንድ ተማሪ ወደ ቢሮዬ መጣ። ታላቅ ወንድሙ ከእሸት ቡና ሽያጭ ባገኘው ገንዘብ ዴስክቶፕ ገዝቶለታል። ኮምፒውተሩ ጽሑፍ ሲጻፍበትም ሆነ ፊልም ሲታይበት እክል የለበትም። ከባድ ጌም በተከፈተ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ግን ስክሪኑ ይጨልምና ምንም መልእክት ሳያሳይ እንደ አዲስ ይነሳል።

"ጌሙን ተወው" ማለት ቀላል ነበር። ሆኖም ጌም ፕሮሰሰሩንና ግራፊክስ ካርዱን በአንድ ጊዜ ስለሚያስጨንቅ የተደበቀ ድክመትን ያጋልጣል እንጂ አይፈጥርም። ያው ብልሽት ተማሪው የመመረቂያ ፕሮጀክቱን በሚሠራበት ሌሊት ሊመጣ ይችል ነበር።

እኔም አምፖሉ አንዴ ሲደምቅ አንዴ ሲፈዝ ማየት የለመድኩ ነኝና "የመብራቱ መዋዠቅ ነው፤ ስታቢላይዘር ግዛ" አልኩት። ገዛ። በማግሥቱ ማታ ኮምፒውተሩ እንደ ልማዱ ጠፍቶ ተነሳ።

ግምቴ ፈጽሞ መሠረት የለሽ አልነበረም። በአገራችን የኤሌክትሪክ መስመር፣ በ50 ኸርዝ፣ አንዱ ዑደት 20 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ደህና ፓወር ሰፕላይ በሙሉ ጭነት ላይ እያለ ኃይል ቢቋረጥበት መቋቋም የሚችለው ወደ 16 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፤ ጭነቱ ሲቀል ጊዜው ይረዝማል። ስለዚህ አንድ አጭር መቆራረጥ ጽሑፍ የሚጻፍበትን ኮምፒውተር ሳይነካ ጌም የያዘውን ሊጥል ይችላል። ነገር ግን ስታቢላይዘር ቮልቴጅን ያስተካክላል እንጂ ኃይል አያጠራቅምም። ግምቴ ትክክል ቢሆን እንኳ ያዘዝኩት መድኃኒት የዚያ ሕመም መድኃኒት አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ምርመራውን ከመጀመሪያው ጀመርን፤ በእያንዳንዱ እርምጃ አንድ ነገር ብቻ እየለወጥን። በመጀመሪያ የዊንዶውስን መዝገብ ከፈትን። "ከርነል ፓወር 41" የሚል ጽሑፍ አገኘን። ይህ ምስክር ኮምፒውተሩ በሥርዓት ሳይዘጋ እንደጠፋ ይናገራል እንጂ ለምን እንደጠፋ አይናገርም። ቀጥለን ኮምፒውተሩን አቅሙ በሚመጥን ዩፒኤስ ላይ አደረግነው፤ አሁንም ጠፋ። የግድግዳው መብራት ነጻ ወጣ። ሙቀቱን መዘገብን፤ ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አላለፈም። ራሙን ሌሊቱን ሙሉ ፈተንነው፤ ስህተት አልተገኘበትም።

ከዚያም ፕሮሰሰሩን ለብቻው አስጨነቅነው፤ ጸና። ግራፊክስ ካርዱንም ለብቻው፤ ጸና። ሁለቱን በአንድነት ስናስጨንቅ በደቂቃዎች ውስጥ ጠፋ። የግራፊክስ ካርዱን የኃይል ጣሪያ ወደ 70 በመቶ ዝቅ ስናደርግ ደግሞ ጌሙ ማታውን ሙሉ ያለ እንከን ሠራ።

ጣታችን ወደ ፓወር ሰፕላዩ ያመለከተው በዚህ ጊዜ ነው። ዘመናዊ ግራፊክስ ካርድ ለሚሊሰከንዶች ከተጻፈበት መጠን እጅግ የሚበልጥ ኃይል ሊስብ ይችላል፤ በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው የኤቲኤክስ 3.0 መስፈርት ይህን ታሳቢ ያደረገው ስለዚህ ነው። ደካማ ፓወር ሰፕላይ በዚያች ቅጽበት ወይ ራሱን ለመጠበቅ ይዘጋል፣ ወይ 12 ቮልቱ ከተፈቀደው በታች ይወርዳል።

ሆኖም ጥርጣሬ ፍርድ አይደለም። ደህንነቱ የታወቀ ፓወር ሰፕላይ በውሰት ገጠምን፤ ችግሩ ጠፋ። አሮጌውን መለስን፤ ችግሩ ተመለሰ። ተማሪው ሌላ ዕቃ እንዲገዛ የነገርኩት ከዚህ በኋላ ብቻ ነው። አሮጌውን ከፍታችሁ ለመጠገን ግን አትሞክሩ፤ ከመስመር ከተነቀለም በኋላ በውስጡ አደገኛ ኃይል ሊቀር ይችላል።

ውድ ተማሪዎች፤ ነገ ሰዎች ዕቃቸውን ይዘው ወደ እናንተ ይመጣሉ፤ "ማዘርቦርዱ ነው" ማለት አፍን ከመክፈት በቀር የሚጠይቅ ነገር የለም። የተሳሳተውን ግምት ዋጋ የሚከፍለው ግን ገማቹ አይደለም። በእኔ ስህተት የከፈለው በእኔ ፊት እንኳ ያልቆመ ሰው ነው፤ ቡናውን ለቅሞ የሸጠው ወንድም። ተማሪውን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ ያን ሰው ግን እስካሁን አላገኘሁትም።