ባትሪን የሚገድለው ዕድሜው ብቻ አይደለም



ጠዋት ሞተሩ አልነሣ ያለ አውቶሞቢል በሰው ትከሻ ሲገፋ ማየት ለአዲስ አበባ ነዋሪ እንግዳ ነገር አይደለም። ፍርዱም ፈጥኖ ይሰጣል፤ «ባትሪው ሞቷል» ይባልና አዲስ ይገዛል። በምን ምክንያት እንደ ሞተ ግን እምብዛም አይጠየቅም። ይሁን እንጂ ዕድሜውን ጨርሶ ከሚወድቀው ባትሪ ሌላ፣ በአያያዝ ጉድለት ያለ ጊዜው የሚወድቀው ጥቂት አይደለም።

ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ እ.ኤ.አ. በ1859 የእርሳስና የአሲድ ባትሪን ከሠራ ወዲህ መሠረታዊ ባሕርይው አልተለወጠም። ባለ 12 ቮልቱ የመኪና ባትሪ ስድስት ክፍሎች ሲኖሩት፣ በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ የእርሳስና የእርሳስ ዳይኦክሳይድ ፕሌቶች በውሃ በቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድ ተነክረው ይገኛሉ። ባትሪው ኃይል በሚሰጥበት ጊዜ አሲዱ ከፕሌቶቹ ጋር ተዋሕዶ የእርሳስ ሰልፌት ይፈጠራል፤ ፈሳሹም እየቀጠነ ይሄዳል። ባትሪው ሲሞላ ይኸው ሂደት ወደ ኋላ ይመለሳል። ስለዚህ የፈሳሹ እፍግታ የባትሪውን ሁኔታ ይናገራል፤ በሃይድሮሜትር ሲለካ በሞላ ባትሪ 1.265 ገደማ፣ ባዶ በሆነው ደግሞ 1.120 ገደማ ይሆናል።

ዋናው አደጋ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አዲስ የተፈጠረ ሰልፌት ደቃቅ ስለሆነ በሙሌት በቀላሉ ይፈርሳል። ባትሪው ባዶውን ለሳምንታት ከቆየ ግን ሰልፌቱ ወደ ትልልቅና ደረቅ ቅንጣቶች ይለወጣል፤ ከዚያ በኋላ በሙሌት አይመለስም። ሞተሪኖው ሞተሩን ለማስነሣት ከፍተኛ ኃይል ቢስብም የሚስበው ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ ነው። በአንጻሩ እያንዳንዳቸው 55 ዋት የሆኑ ሁለት የፊት መብራቶች ሳይጠፉ ቢያድሩ 60 አምፔር ሰዓት ያለውን ባትሪ በሰባት ሰዓት ገደማ ያራቁታል። በቆመበት የተረሳ መኪናም ቀስ በቀስ ለዚሁ ይዳረጋል።

በአንዳንድ ጋራዦች ለዚህ ሕመም የሚታዘዘው መድኃኒት አሲድ መጨመር ነው። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ባትሪ በአገልግሎት ላይ የሚያጣው ውሃ እንጂ አሲድ አይደለም፤ የፈሳሹ እፍግታ የወረደው አሲዱ ከፕሌቶቹ ጋር ስለ ታሰረ ነው። አሲድ ሲጨመር ሃይድሮሜትሩ «ሙሉ ነው» ብሎ ይዋሻል፤ ፕሌቶቹ ግን ይበላሉ። የሚጨመረው የተጣራ ውሃ ብቻ ነው። የቧንቧም ሆነ የታሸገ የምንጭ ውሃ በውስጡ ማዕድን ስላለ አይሆንም።

በሙሌት ጊዜ የኃይሉ መጠን ከባትሪው አቅም አንድ አሥረኛ ቢሆን ይመረጣል፤ ለ60 አምፔር ሰዓት ባትሪ 6 አምፔር ማለት ነው። በየሰዓቱ ሦስት ጊዜ ተለክቶ እፍግታው ካልጨመረ ሙሌቱ አብቅቷል። የፈሳሹ ሙቀት ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዳያልፍ መጠበቅ ያስፈልጋል። የመኪናው ዲናሞ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ገደማ ሊሰጥ ይገባል፤ ከዚህ እጅግ ቢያንስ ባትሪው ሳይሞላ ይኖራል፣ ቢበዛ ውሃውን ይጨርሳል። ሙቀት የባትሪን ዕድሜ ስለሚያሳጥር፣ ወደ አፋር ቆላ የሚመላለስ የጭነት መኪና በደጋ ከሚውለው ይልቅ ውሃው ቶሎ ቶሎ መታየት አለበት። ክዳናቸው የማይከፈት ባትሪዎች ግን አይነኩም፤ ለዓይነታቸው በተሠራ ቻርጀር ብቻ ይሞላሉ።

ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ይወጣል። ይህ ጋዝ በአየር ውስጥ 4 በመቶ ከደረሰ በአንዲት ብልጭታ ይፈነዳል። ስለሆነም የሙሌት ክፍል አየር የሚገባበት፣ ሲጋራ የማይጨስበት ይሁን። ከሌላ መኪና ኃይል ሲወሰድም የመጨረሻው የኔጋቲቭ ገመድ ጫፍ የሚታሰረው በደከመው ባትሪ ላይ ሳይሆን ራቅ ብሎ በሞተሩ ብረት ላይ ነው። የዓይን መከላከያ ያላደረገ ሠራተኛ በአንድ ቀን ቸልታ ዓይኑን ሊያጣ ይችላል።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ካገደች በኋላ ይህ ዕውቀት ጊዜው ያለፈበት የሚመስለው ሊኖር ይችላል። ነገር ግን አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎችም ከትልቁ ባትሪ ሌላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አላቸው፤ እርሱ ከደከመ መኪናው አይነቃም።

ያለ ጊዜው የተጣለ ባትሪ ጉዳቱ በገንዘብ ብቻ አያበቃም። አሲዱ በመሬት ላይ ሲደፋ፣ እርሳሱ በመኖሪያ ግቢ ሲቀልጥ፣ መርዙ ከሁሉ አስቀድሞ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ጋራዥ በወር አንድ ጊዜ የስድስቱን ክፍሎች እፍግታ በካርድ ይመዝግብ። አንዱ ክፍል ከሌሎቹ በ0.050 ካነሰ ሕመሙ የት እንዳለ ታውቋል ማለት ነው። አንድ ሃይድሮሜትርና አንድ ጠርሙስ የተጣራ ውሃ የሚጠይቁት ወጪ ከአዲስ ባትሪ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም።