ሲፍር፦ የአንዲት ቃል ጉዞ



በሳጥን በሳጥን ፊደልና ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ይዘው «ሸይኽ፣ ይህን ይፍቱልኝ» እያሉ የሚመጡ ሰዎች በዝተውብኛል። ስለዚህ የተሰወረ ጽሑፍ መፍታት ምን ማለት እንደሆነ ከቃሉ ልጀምርላችሁ።

ቃሉ «ሲፍር» ነው፤ ባዶ ማለት ነው። ወደ አላህ የተዘረጋ እጅ ባዶውን እንደማይመለስ በሚነግረን ሐዲስ ውስጥ ያለው ይኸው ቃል ነው። የሂንድ ሊቃውንት በቁጥር መካከል ያለውን ባዶ ቦታ በቋንቋቸው «ባዶ» ይሉት ነበርና ዐረቦች ተርጉመው ሲፍር አሉት። ጣሊያናዊው ፊቦናቺ እ.ኤ.አ. በ1202 በጻፈው የሒሳብ መጽሐፍ «ዜፊሩም» አለው፤ በትምህርት ቤት «ዜሮ» ብለን የተማርነው ከዚያ የወጣ ነው። በሌላ በኩል በላቲን «ሲፍራ» ሆነ፤ መጀመሪያ ዜሮን፣ ቀጥሎ ማንኛውንም አኃዝ፣ በኋላም በምስጢር የተጻፈ መልእክትን መጥሪያ ሆነ። ምስጢር ጸሐፊዎች ፊደሉን በአኃዝ ይተኩ ነበርና። የሚገርመው፣ ዐረቦች ዛሬ «ሺፍራ» የሚሉትን ከአውሮፓ መልሰው የተዋሱት ነው። ከቤት የወጣ ልጅ ስሙን ለውጦ ተመለሰ!

ጥንት ግን የራሳቸው ቃል ነበራቸው። የተሰወረውን ጽሑፍ «ሙዐማ»፣ መፍታቱን «ኢስቲኽራጅ»፣ ማለትም ማውጣት፣ ይሉታል። በ9ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ የኖረው አል-ኪንዲ በዚህ ርእስ ሪሳላ ጽፏል። መንገዱ ጂን መጥራት አይደለም፤ መቁጠር ነው። በዚያው ቋንቋ የተጻፈ ረዘም ያለ ጽሑፍ ወስዳችሁ እያንዳንዱ ፊደል ስንት ጊዜ እንደመጣ ትቆጥራላችሁ። ቀጥሎ የምስጢሩን ምልክቶች ትቆጥራላችሁ። እጅግ የበዛው ምልክት እጅግ የሚበዛው ፊደል ሳይሆን አይቀርም። እርሱ ራሱ 3,667 ፊደል ቆጥሮ አሊፍን 600፣ ላምን 437 ጊዜ አግኝቷል። ጽሑፉ አጭር ከሆነ ቆጠራው እንደሚያሳስትም አልሸሸገም።

አንዲት እናት ለታመመ ልጃቸው በብዙ ብር ያስጻፉትን ክታብ ዘርግተውልኝ ነበር። አገላብጬ አየሁት፤ ከፊደላቱ አንድም ቃል አይወጣም። «እናቴ፣ ይህ ሲፍር ነው» አልኳቸው። ከዙህር በኋላ ልጁን ይዘን ሐኪም ቤት ሄድን።