ከሐኪም ጋራ ላይ ሲታይ፦ የሐረር መንገዶችና የከተማ መስፋፋት



ከሐረር በስተ ደቡብ ከሚገኘው ከሐኪም ጋራ ላይ ሆኖ ከተማይቱን ለሚመለከት መሐንዲስ ሁለት ዓይነት የመንገድ አሠራር ወለል ብሎ ይታየዋል። አንደኛው አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ባሳነጹት ግንብ የተከበበው ጁገል ሲሆን፣ በ48 ሄክታር ያህል ስፋት ውስጥ 368 የሚሆኑ መተላለፊያዎች ይገኙበታል። ሁለተኛው ከግንቡ ውጭ፣ ይልቁንም በስተ ምዕራብ፣ አውራ ጎዳናውን ተከትሎ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የተዘረጋው አዲሱ ከተማ ነው።

ብዙዎቻችን ስለ ጁገል የምንሰጠው ፍርድ «ጠባብ ነው፤ መኪና አያስገባም» የሚል ነው። እውነት ነው። ይሁን እንጂ መጥበብና አለመገናኘት አንድ አይደሉም። ከፈረስ መጋላ ተነሥቶ፣ ልብስ ሰፊዎች በተደረደሩበት በማኪና ግርግር በኩል ወደ ጊዲር መጋላ የሚወርድ እግረኛ፣ መንገዱ በሠርግ ድንኳን ቢዘጋበት ጥቂት እርምጃ ተመልሶ በሌላ ያልፋል። በጁገልም መውጫ የሌለው መተላለፊያ አለ፤ ነገር ግን ጥቂት ቤቶች በጋራ በሚጠቀሙበት ግቢ ደጃፍ ላይ የሚያልቅ አጭር መንገድ ማንንም አያንከራትትም።

በከተሞቻችን ዳርቻ የሚታየው ግን ሌላ ነው። ሠፈሩ በየማኅበሩና በየግቢው ተለይቶ ይሸነሸናል፤ ሁሉም ወደ አንድ አስፋልት ብቻ ይወጣል። በሁለት ደጃፎች መካከል ያለው ቀጥታ ርቀት 300 ሜትር፣ የሚኬደው መንገድ ግን 1,200 ሜትር ከሆነ፣ ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ስናካፍል 4 እናገኛለን። አስፋልቱ የቱንም ያህል ቢሰፋ ይህ ቁጥር አይቀንስም። ወላድ ለተሸከሙ ሰዎች ደግሞ ነገሩ ተራ ሒሳብ አይደለም።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ባሪንግተን-ሊ እና ሚላርድ-ቦል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ጥናት፣ ከ1975 ወዲህ በብዙ የዓለም ክፍሎች አዳዲስ መንገዶች እርስ በርስ መገናኘታቸው እየቀነሰ መሄዱን አሳይተዋል። ቤት ይፈርሳል፣ ይታደሳል፤ አንድ ጊዜ የወጣ የመንገድ መስመር ግን እምብዛም አይለወጥም።

በሌላ አገር የግል ባለመሬት እንቢ አለ ይባላል። በእኛ አገር የከተማ ቦታ ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት በመሆኑ ይህ ምክንያት ብዙም አያስኬድም። እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህም በአዳማ፣ በባሕር ዳር፣ በሐዋሳና በመቀሌ ቦታው ከመሸንሸኑ በፊት የዋና ዋና መንገዶችን መስመር አስቀድሞ የመከለል ሥራ ተጀምሮ ነበር።

በሐረር ዙሪያ ላሉት ተዳፋቶች የአዳማ ሜዳ ፍርግርግ አይስማማም። የጋራውን ወገብ ይዘው የሚሄዱ መንገዶች ይውጡ፤ በየ100 ሜትሩም ሽቅብ ቁልቁል በሚያገናኙ የድንጋይ ደረጃዎች ይያያዙ፤ በየቦዩም ላይ የእግረኛ ድልድይ ይታሰብ። ደረጃው መኪና አያሳልፍምና ከፕላኑ ይሰረዝ የሚል ሐሳብ በየስብሰባው መቅረቡ አይቀርም። ያን ጊዜ ተከራካሪው፣ ካርታውን አጣጥፎ፣ አንድ ቀን ጁገልን በእግሩ ይዙር።